ጅማት የሚቆጥረው ጊዜ

የእጅ ብርታት እጅ ውስጥ ያለ ይመስለናል። ዕቃ ሲጨበጥ የምናየው ጣትን ስለሆነ ጉልበቱንም ለጣት እንሰጠዋለን። ጣቶች ግን በውስጣቸው ጡንቻ የላቸውም። ጣትን አጥፎ የሚያስጨብጠው ዋናው ጡንቻ ከክርን በታች፣ ክንዱ ላይ ተቀምጦ፣ ረጃጅም ጅማቶቹን በአንጓው በኩል እየላከ ከሩቅ ይስባል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ክርንን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ እጅን ማላላት፣ ከዚያም በሌላው እጅ አንጓውን ወደ ኋላ መለስ ማድረግ ይበቃል፤ ማንም ሳያዛቸው ጣቶቹ ይታጠፋሉ። አንጓው ወደ ፊት ሲወድቅ መልሰው ይከፈታሉ። አንጓን ወደ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥፎ ለመጨበጥ የሞከረ ሰው ደግሞ ጭብጡ ልፍስፍስ ሲልበት ያየዋል፤ በክንዱ ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች አንጓውን ቀና አድርገው ካልያዙለት በፊቱ ያሉት በደንብ መሳብ አይችሉም። በመዳፍ በኩል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ 9 ጅማቶችና 1 ነርቭ ተጣበው ያልፋሉ። በጀርባው በኩል ያሉት በ6 ክፍል ተመድበው፣ በየአፎታቸው ውስጥ ይንሸራተታሉ። እንግዲህ ክንድን ማሠልጠንና የአንጓን ጅማት መሳብ አንድ ሥራ ነው። አንዱን ትቶ ሌላውን መሥራት የሚቻልበት መንገድ የለም።

የአንጓ ጅማቱ የተጎዳበት ሰው ክንዱን ላሠልጥን ሲል ታዲያ መውጫ የሌለው ነገር የገጠመው ይመስላል። ጡንቻውን ካላሠራው ይሟሽሻል፤ ካሠራው የሚስበው ያንኑ የታመመ ጅማት ነው። ሰው ለዚህ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «አሳርፈው፣ ሕመሙ እስኪተውህ አትንካው» ይላል። ሌላኛው «ካልጠነከረ አይድንም፣ ቻለው» ይላል። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም የሚጋሩት ስሕተት አለ፤ ሁለቱም ፍርዱን ለስሜት ሰጥተዋል። የመጀመሪያው የሕመምን ስሜት ዳኛ አድርጎታል፣ ሁለተኛው የብርታትን ስሜት። እኔ የምከራከረው ሁለቱም ስሜቶች ስለ ጅማቱ የሚያውቁት ጥቂት ነው ብዬ ነው። ጅማት የሚድነው በልክ ሲጫን ነው፤ ልኩም ከስሜት ውጭ፣ በቁጥርና በቀን መጠበቅ አለበት። ትዕግሥት የምንለው ነገር፣ ቢያንስ በዚህ ጉዳይ፣ የመቻል ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የማወቅ ጉዳይ ነው።

ዕረፍት ይፈውሳል የሚለውን እምነት ከሁሉ አብልጦ የፈተነው የተቆረጠ ጅማት ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ከመዳፍ እስከ ጣት መካከለኛ መገጣጠሚያ ባለው ቦታ ላይ ጣት አጣፊ ጅማት በስለት ሲቆረጥ ሐኪሞች ወዲያው መስፋትን ይፈሩ ነበር። አሜሪካዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ስተርሊንግ በነል ቦታውን ማንም ሊቆምበት እንደማይችለው የጦር ሜዳ መካከለኛ መሬት ቆጥሮ ስም አወጣለት። ቆዳውን ዘግቶ መቆየት፣ በኋላ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት መተካት ይሻላል የሚለው ምክርም ለዐሥርተ ዓመታት ገዛ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። የተሰፋው እንዳይበጠስ እጁ ጀሶ ውስጥ ሲገባ ቁስሉ በእርግጥ ይድናል። ግን ጅማቱ ከአፎቱ ጋር፣ አፎቱም በዙሪያው ካለው ሁሉ ጋር በጠባሳ አንድ ሆኖ ይድናል። ጣቱ ይተርፋል፣ አይታጠፍም። ጅማት ራሱን መጠገን አይችልም፣ የሚድነው ከዙሪያው በሚመጣለት ሕዋስ ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ ስለነበረ መጣበቁ የማይቀር ዋጋ ተደርጎ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሃሮልድ ክላይነርት የሚባል የሉዊቪል ኬንታኪ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ውጤት ይዞ መጣ። ጅማቱን ወዲያው ሰፍተው፣ ከጥፍሩ እስከ አንጓው ላስቲክ ወጥረው፣ በሽተኛው ጣቱን ራሱ እንዲዘረጋ፣ ላስቲኩ ደግሞ መልሶ እንዲያጥፈው አደረጉ። የተሰፋው ጅማት ሳይጎተት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በአፎቱ ውስጥ ይመላለስ ጀመር፤ ጣቶችም ይታጠፉ ጀመር። በቀጣዮቹ ዓመታት ስዊድናዊው ዮራን ሉንድቦርግ ተቆርጦ የተሰፋ የጥንቸል ጅማት፣ ምንም የደም ሥር ሳይያዝለት፣ በጉልበት መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ መዳኑን አሳየ። ጅማቱ የራሱ የሆነ የመዳን ዐቅም ነበረው። በውሾች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም በጊዜ የተንቀሳቀሰ ጅማት ታስሮ ከቆየው ይልቅ ጠንክሮና ተንሸራትቶ እንደሚድን አረጋገጡ።

በእኛ አገር ይህ ክርክር የሚካሄደው በወጌሻ ቤት ነው። ወለም ያለውን እጅ ማሸት፣ ማቃናት፣ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ማሰር የቆየ ሙያ ነው፤ ሆስፒታል በራቀበት ቦታ ለብዙ ሰው የደረሰም ነው። ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረ እጅ ግን ደም አጥቶ ወደ ጋንግሪን የሚሄድበት፣ እስከ መቆረጥም የሚደርስበት አጋጣሚ በኢትዮጵያ ሐኪሞች ጽሑፍ ደጋግሞ ተመዝግቧል። ይህን የማነሣው ወጌሻን ለመክሰስ አይደለም። የቀርከሃው እሥርና የዚያ ዘመን ጀሶ ከአንድ እምነት የወጡ ናቸው፤ መዳን ማለት ዝም ብሎ መያዝ ነው ከሚል። ቋንቋችንም ትንሽ ያግዘዋል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ጅማት ብለን አንድ ስም ሰጥተናቸዋል። አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ዋና ሥራው መያዝ ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ግን የተፈጠረው ለመሳብና ለመንሸራተት ነው፤ አስሮ ማዳን ሥራውን እየነሡ ማዳን ነው።

የብርታት ስሜት ከሕመም ስሜት ይልቅ አሳሳች ነው፤ ደስ ያሰኛልና። ክንድ ከረጅም ዕረፍት ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበቱ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ያቃተው ዛሬ ይቀለዋል፣ ሰውየውም ድኛለሁ ይላል። ከዚህ ፈጣን ለውጥ ብዙው ግን ገና ከጡንቻው መወፈር እንኳ የመጣ አይደለም፤ አንጎልና ነርቭ ጡንቻውን አሟልተው ማዘዝ ሲጀምሩ የሚገኝ ነው። ለዚህ የሚመሰክረው ሌላው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 በዬል ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ስክሪፕቸርና ባልደረቦቹ አንድ እጅ ብቻ ሲሠለጥን ያልሠለጠነውም ብርታት እንደሚጨምር አሳዩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የካናዳ ተመራማሪዎች ነገሩን ወደ ሕክምና አመጡት። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናታቸው አንጓቸው የተሰበረ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ ሴቶች ጤነኛውን እጅ ሲያሠለጥኑ ቆይተው፣ በ12ኛው ሳምንት የተሰበረው እጅ ጭብጥ እንዲህ ካላደረጉት ሴቶች በልጦ ተገኘ። ይህ ለተጎዳ ሰው ትልቅ የምሥራች ነው፤ ጀሶው ገና ሳይፈታ የሚሠራ ሥራ አለ ማለት ነው። በዚያው ልክ ማስጠንቀቂያም ነው። የተጎዳው እጅ ራሱ ሳይሠለጥን ብርታቱ ሊጨምር ከቻለ፣ የብርታት መጨመር ብቻውን ስለ ጅማቱ መዳን አይመሰክርም።

ጅማት የሚኖርበት ጊዜ ከጡንቻ ጊዜ የተለየ ነው። ሕዋሱ ጥቂት፣ የሚደርሰው ደም ጥቂት፣ አብዛኛው አካሉ ኮላጅን የሚባል የተገመደ ክር ነው። ስለዚህ ጊዜ እጅግ የሚያስገርመው ማስረጃ የተገኘው ከኑክሌር ቦምብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1963 በአየር ላይ የተደረጉት የቦምብ ሙከራዎች በከባቢ አየር ውስጥ ያለውን የካርቦን 14 መጠን ከፍ አደረጉት። ካርቦኑ በዕፅዋት በኩል ወደ ምግብ፣ በምግብ በኩል ወደ ሰው ሁሉ ገባ፤ መጠኑም ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓመት እየቀነሰ ሄደ። እናም በአንድ የሰውነት ክፍል ውስጥ ያለው ካርቦን 14 ያ ክፍል መቼ እንደተሠራ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ካትያ ሃይነማየርና ባልደረቦቿ በዴንማርክ የተረከዝን ትልቅ ጅማት በዚህ መንገድ መረመሩ። የጅማቱ እምብርት የያዘው ካርቦን ሰውየው ልጅ ሆኖ ሲያድግ ከነበረው አየር ጋር ገጠመ፤ ከ17 ዓመት ዕድሜ በኋላ እምብርቱ ይህ ነው የሚባል እድሳት አላየም። የእነዚያው ሰዎች ጡንቻ ግን ታድሶ ነበር። በ60 ዓመቱ ደረጃ የሚወጣ ሰው የሚወጣው በአፍላነቱ በተገመደ ገመድ ነው። ተረከዝ አንጓ አይደለም፣ ሁለቱ የተሠሩበት ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው። ሲቆስል በእርግጥ አዲስ ክር ይሠራል። መጀመሪያ የሚመጣው ክር ደካማና ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ ወደ ጠንካራውና በመስመር ወደተሰለፈው የሚለወጠው በወራት ነው፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይወስዳል። መስመሩን የሚያገኘው ደግሞ ከመሳብ ነው። ሳቢ የሌለው ክር ወዴት መሰለፍ እንዳለበት የሚነግረው የለም። አንድ ጊዜ በደንብ ከተሠራ በኋላ የኮላጅን ምርቱ በማግስቱ ገደማ ከፍ ብሎ እስከ 3 ቀን ድረስ ሳይወርድ ሊቆይ እንደሚችል ተለክቷል፤ በሥራና በሥራ መካከል ያለው ቀን ራሱ ሥራ አለበት።

እዚህ ላይ ጽኑ ተቃውሞ ይነሣል። ሕመምን ሐሰተኛ ምስክር ማለት አደገኛ አይደለም ወይ? ሰውነት «ተው» ሲል መተው የተፈጥሮ ጥበብ አይደለም? ሕመም መሰማት የለበትም አልልም፤ በአንጓ ላይ ድንገት የሚመጣ ስለታም ሕመም፣ እብጠት፣ ጣትን ማዘዝ አለመቻል ወዲያው ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ናቸው። የምለው ሕመም ዘግይቶ የሚደርስ ምስክር ነው። እነዚያው የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 የታመመ ጅማትን በካርቦን 14 ሲመረምሩ፣ ሕመሙ ከመሰማቱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ጅማቱ ከጤነኛው በተለየ ሲፈርስና ሲሠራ እንደኖረ አገኙ። ጉዳቱ ዓመታት ሲሠራ ምስክሩ ዝም ብሎ ነበር። የተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአውስትራሊያ 165 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ አንጓን ወደ ኋላ የሚያነሡት የክንድ ጅማቶች ክርን ላይ ሲታመሙ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙን ሲያስታግስ ታየ። ከዓመት በኋላ ግን መርፌውን የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ ድነው፣ ሕመሙም በብዛት አገርሽቶባቸው ተገኙ። ሕመሙ ሄደ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት አልነበረም። ፊዚዮቴራፒስቶች ሕመምን በሥራው ሰዓት ከመጠየቅ ይልቅ በማግስቱ ጠዋት የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ትናንት የተሠራው ሥራ ዛሬ ጠዋት አንጓውን ከወትሮው ይበልጥ ካደረቀውና ካሳመመው ልኩ አልፏል፤ ካልሆነም ልኩ ይደገማል። ሕመም እዚህ ላይ ምስክርነቱን ይሰጣል፣ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ቁጥሩና ቀኑ የሚጻፍበት መዝገብ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከወዲያኛው ጫፍ ይመጣል። ጭነት የሚያድን ከሆነ ብዙ ጭነት ቶሎ ያድናል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የስዊድናዊው ሆካን አልፍሬድሰን ሥራስ ይህን አያሳይም ወይ? የተረከዝ ጅማታቸው ለረጅም ጊዜ የታመመባቸው 15 ሯጮች ከባድ ጭነት ይዘው፣ እያመማቸውም ቢሆን፣ ተረከዛቸውን ቀስ አድርገው ወደ ታች የማውረድ ሥራ ሠሩ፤ 15ቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። እውነት ነው፤ ግን ሥራው እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት። በቀን 180 ጊዜ ማለት ነው። ቁጥሩና ቀኑ ቀድሞ የተቀመጠ ነበር፤ ሯጩ ዛሬ ጉልበት ተሰማኝ ብሎ የሚጨምረው፣ ዛሬ አመመኝ ብሎ የሚያስቀረው አልነበረም። ስለዚህ ይህ ሥራ የእኔን ክርክር ይደግፋል እንጂ አያፈርስም። ደግሞም ያ ሥራ የተሠራው በመደጋገም ለታመመ ጅማት ነው፤ ተቆርጦ በተሰፋ ጅማት የሠራው ሰው ስፌቱን ይበጥሰዋል። ለተሰፋው ሐኪሞች በተለምዶ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ከባድ ጭብጥ ይከለክላሉ። በአንጓ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያመው ገመዱ የሚያልፍበት አፎት ወፍሮ ሲጠብ ነውና ከተረከዝ የተማርነውን ሁሉ ሳንመረምር ወደዚያ መውሰድ አንችልም። ልክ የሚባለው ነገር ለሁሉም ጅማት፣ ለሁሉም ጉዳት አንድ ቁጥር የለውም።

ልኩ ሥራ ላይ ሲውል እጅግ ተራ ነገር ነው። መጀመሪያ ሳይንቀሳቀሱ መግፋት ይመጣል፤ እጅን ጠረጴዛ ሥር አድርጎ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ መያዝ፣ እየቆጠሩ መቆየት፣ መልቀቅ። ከዚያ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ፣ ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፣ አንጓን በሌላው እጅ እያገዙ ማንሣትና በራሱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ማድረግ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ሃይላንዱ ሚዛን በሌለበት ቤት ሚዛን ይሆናል። ጣቶችን የሚከፍቱት ጡንቻዎች በጣቶቹ ዙሪያ በተጠመጠመ ላስቲክ፣ ክንድን የሚያዞሩት ደግሞ የመዶሻን እጀታ ጫፍ ይዞ በዝግታ ወዲያና ወዲህ በማጋደል ይሠራሉ። መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ቁጥሩና የማግስቱ ጠዋት ይጻፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል ብዙዎቻችን የምንሰማው «ቆይ» የሚለውን ነው። የተተወ እንቁላል ግን ቢቆይ ይበላሻል እንጂ አይሄድም። በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ 21 ቀን ስለታቀፈችው፣ ሙቀቱን ሳታበዛ ሳታሳንስ ስለጠበቀችው፣ በየጊዜውም ስላገላበጠችው ነው። ሲተረት የኖረው ቀስታ ሥራ የበዛበት ቀስታ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ከሳይንስ አይመጣም። ልክ የሚባለው ነገር ጊዜው የራሱ ለሆነ ሰው ነው የሚል ነው። ሃይላንዱ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ከጎኑ የቆመው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፣ 40 እጥፍ ነው። በሁለቱ መካከል በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ የሚያድግ ሸክም በቤት ውስጥ የለም። ብርድ ልብስ የምትጨምቅ ሴት ግማሽ ብርድ ልብስ አትጨምቅም። ሲሚንቶ የሚያቦካ የቀን ሠራተኛ አካፋውን በሥርዓት አያሳድግም፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችንም ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው ማለት አትችል ይሆናል። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ፍሪትዝ ደ ኬርቫን እ.ኤ.አ. በ1895 የገለጸው፣ በአውራ ጣት በኩል ያሉት ጅማቶች አፎታቸው ሲጠብ የሚመጣው ሕመም፣ በተለይ አራስ ልጅ በያዙ እናቶች ላይ በብዛት ይታያል። ሕፃኑ በየሳምንቱ ክብደት ይጨምራል፤ ጭነቱ በራሱ ያድጋል፣ የዕረፍት ቀን ግን አይሰጥም። ለዚህ ተቃውሞ የምሰጠው መልስ ግማሽ ብቻ ነው። ክርክሩን አያፈርሰውም፤ ጅማቱ የድሃም ይሁን የሀብታም በዚያው ጊዜ ነው የሚቆጥረው። ነገር ግን ልኩን መጠበቅ የበሽተኛው ብቻ ሥራ ያስመሰልኩበትን ሐሳብ ያርመዋል። በራሱ ላይ ልክ መጣል የማይችል ሰው ልኩን ሌላ ሰው ሊጠብቅለት ይገባል። ቤት ውስጥ አንጓዋን የታመመች ሴት ካለች ሕፃኑን ከአልጋ ሌላ ሰው ያንሣላት፣ ጀሪካኑን ሌላ ሰው ይሸከምላት፣ ብርድ ልብሱንም ለ12 ሳምንት ሌላ ሰው ይጭመቅላት።